መሬቱ በማን ስም፣ ዕርፉ በማን እጅ

በይፋት ቆላ ባላ የሚተክል፣ ማገር የሚያስርና ክዳን የሚከድን ወንድ ነው፤ የሴቷ ድርሻ ውሃ ማቅረብና መለቅለቅ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ምሥራቅ ወርዶ የአፋር አርብቶ አደሮች መንደር ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ተንቀሳቃሹን የሰሌን ጎጆ የምትሠራው፣ ለጉዞ የምትነቅለውና በአዲሱ ሰፈር መልሳ የምትተክለው ሴቷ ናት። ሁለቱም ማኅበረሰቦች የየራሳቸውን የሥራ ድልድል ከተፈጥሮ የመጣ አድርገው ያዩታል። ቤት መሥራት የወንድ ጉልበት ይፈልጋል የሚለው ማብራሪያ ግን ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው አይሻገርም።

እንግሊዛዊቷ ሶሺዮሎጂስት አን ኦክሌይ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ ጾታን ከሥርዓተ ጾታ የለየችው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። ጾታ ከአካል ጋር ይወለዳል፤ ሥርዓተ ጾታ ማኅበረሰቡ በዚያ ላይ የሚገነባው የሥራ፣ የጠባይና የክብር ድልድል ነው። የሥራ ልዩነት በራሱ ኢ-እኩልነት አይደለም። ፌሚኒስት ሶሺዮሎጂ የሚመረምረው የትኛው ሥራ መሬት፣ ገንዘብና ተሰሚነት እንደሚያስገኝ፣ የትኛው ደግሞ ተሠርቶ እንዳልተሠራ እንደሚቆጠር ነው። የይፋት የፈትል ሥራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አርጎባዎች በሽመናቸው ይታወቃሉ፤ ሸማኔው ወንድ ነው። ጥጡን ፈልቅቃ፣ ነድፋና ፈትላ የምታቀርበው ሴቷ ናት፤ ለአንድ ጋቢ የሚበቃውን ማግ መፍተል ጋቢውን ከመሸመን የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ገበያ ላይ ግን ጋቢው የሚጠራው በሸማኔው ነው።

ይፋት ከጣርማ በርና ከደብረ ሲና ግርጌ ተነሥቶ ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚዘቀዘቅ አገር ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የመሠረተው የይፋት ሱልጣኔት ስሙን የወሰደው ከዚህ ነው። ዛሬ በሰሜን ሸዋ ዞን ቀወትንና ኤፍራታና ግድምን የመሳሰሉ ወረዳዎች፣ በአጎራባቹም የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ቀበሌዎች ይገኙበታል። አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ገበያ ይውላሉ። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች የዚህ ቆላ ከተማ ናት። ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ በዝናብ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይመረትባታል።

ከማጀት እስከ ችሎት

ፌሚኒስቶች በመጀመሪያ የተነሡት በራሱ በሶሺዮሎጂ ላይ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዘርፉ ዋና ሰው የነበረው አሜሪካዊው ታልኮት ፓርሰንስ ቤተሰብን እንደሚገባ የተደላደለ ሥርዓት አድርጎ አየው፤ አባት ከውጭው ዓለም ጋር እየተጋፈጠ ቤቱን ይመግባል፣ እናት ስሜትን ታረጋጋለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ሁለቱ ሲደመሩ ማኅበረሰቡ ጸንቶ ይቆማል። «ሴት ለማጀት፣ ወንድ ለችሎት» የሚለው ተረት ያለ ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ይህንኑ ሲናገር ኖሯል። ፌሚኒስቶች ድልድሉ ቤተሰቡን ያቆማል የሚለውን አልካዱም፤ ቤተሰቡ የሚቆመው በማን ወገብ ላይ ነው ብለው ጠየቁ እንጂ።

ኦክሌይ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣችው ሌላ ሥራ ለዚህ መልስ ሰጠ። 40 የለንደን የቤት እመቤቶችን አነጋግራ ሥራቸውን እንደማንኛውም ሥራ በሰዓት ለካችው፤ አማካዩ በሳምንት 77 ሰዓት ሆነ። እነዚህ ሴቶች የቧንቧ ውሃና ምድጃ የነበራቸው ናቸው። በይፋት ቆላ በዚያ ላይ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት ለቀማ፣ እህል ማበጠርና ወፍጮ ቤት ማድረስ፣ እንጀራ መጋገር፣ ቡና ማፍላት፣ የታመመ ማስታመምና የለቅሶ ቤት ሥራ ይጨመራል። በ2005 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ክፍያ የሌለው ሥራ በኢትዮጵያ በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ እንደሆነ በቁጥር አሳየ። ሆኖም መዝጋቢ መጥቶ የሥራ ዓይነት ሲጠይቅ ከአብዛኛው ቤት የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ እሱ ገበሬ፣ እሷ የቤት እመቤት።

መልሱ ማሳውንም አያውቀውም። አረም፣ አጨዳ፣ የማሽላ ወፍ ጥበቃና የሽንኩርት ችግኝ ተከላ ሴቶች የሚውሉበት ሥራ ነው። ማሾ ፍሬው በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ ይለቀማል፤ ለቀማው ቀኑን ሙሉ ማጎንበስ ነው። ይህን ሁሉ የምትሠራ ሴት ግን ገበሬ አትባልም። ገበሬ የሚለው ማዕረግ የተያያዘው ከአንድ ዕቃ ጋር ነው።

ዕርፍ የጨበጠ

ዴንማርካዊቷ የኢኮኖሚ ሊቅ ኤስተር ቦዘረፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው ጥናት የዓለምን እርሻ በሁለት ከፈለች። በዶማና በመቆፈሪያ በሚታረስበት አገር ሴቶች የእርሻው ዋና ሠራተኞች ናቸው፤ ከብት በሚጠመድበት አገር ግን እርሻው የወንድ ይሆንና ሴቷ ወደ ቤት ትገፋለች። የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ ከነይፋት ጭምር፣ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ሞፈርና ቀንበር ከጥንት ጀምሮ የሠለጠነበት ልዩ ምድር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. አልቤርቶ አለሲና፣ ፓኦላ ጁሊያኖና ናታን ነን ያሳተሙት ጥናት የቦዘረፕን ሐሳብ በብዙ አገሮች መረጃ ፈትኖ የማረሻ ባህል ያላቸው ሕዝቦች ዘር ከእርሻ ከወጣ በኋላ እንኳ ስለ ሴት የሥራ ቦታ ያለው አመለካከት ጠባብ ሆኖ እንደሚቀጥል አሳይቷል።

ቦዘረፕ የዘለለችው አንድ ነገር አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ማረሻው ወንድን ቢመርጥም መሬቱ ሴትን አላገለለም። በርስት ሥርዓት መብት የሚቆጠረው በአባትም በእናትም በኩል ስለነበር ሴት ልጅ ርስት ትወርሳለች፣ ትከራከርበታለችም። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ የጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶችን ሲመረምር ሴቶችን በባለይዞታነት፣ በሻጭነትና በተሟጋችነት ደጋግሞ አግኝቷቸዋል። በሰማንያ ጋብቻም ሴት ይዛ የገባችውን ይዛ ትወጣለች፣ በትዳር የተፈራውን ትካፈላለች። ሀብት የሌላት ሴት ተገዛች፣ ሀብት ብታገኝ ነጻ ትወጣለች የሚለው ቀላል ትንታኔ እዚህ ይቸገራል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትንም ጉልትንም አጠፋ። መሬት ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ ጾታ ሳይለይ እንደሚሰጥ ደነገገ። አፈጻጸሙ በገበሬ ማኅበር እጅ ሲገባ ግን የተመዘገበው አባወራው ሆነ፤ ያገባች ሴት የምትቆጠረው በባሏ በኩል ነው። ይህን ቀድመው ከጻፉት አንዷ ኢትዮጵያዊቷ ሶሺዮሎጂስት ዘነበወርቅ ታደሰ ናት። አዋጁ ሴቷን ከባለርስት ጭሰኝነት አላቅቆ በባል አባልነት ጥላ ሥር ማስቀመጡን ያየ ሰው በርስት ዘመን የነበራትን የግል መከራከሪያ እንዳጣችም ያያል።

ክፍተቱን ለመድፈን የተደረገው ትልቁ ሙከራ የይዞታ ደብተር ነው። አማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፣ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን ይለጠፋል። የጋራ ይዞታን አንዱ ወገን ብቻውን ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። በፍቺ ጊዜ ይህ ደብተር ዋጋው ትልቅ ነው፤ ፍቺ ደግሞ በኢትዮጵያ ብርቅ አይደለም። ቲልሰንና ላርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቃ፣ ያለ ዕድሜ ማግባትም የፍቺን ዕድል እንደሚጨምር አግኝተዋል።

ደብተሩን የያዘችው እማወራ ግን በማግስቱ ከማረሻው ጋር ትፋጠጣለች። ሴት በሬ ጠምዳ ብታርስ ነውር ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ለአዝመራው አይበጅም ይባላል። ጥማድ በሬ፣ ለአቅመ እርሻ የደረሰ ወንድ ልጅ ወይም ወንድም ከሌላት መሬቷን በእኩል ትሰጣለች። ከምርቱ ግማሹ ወይም ከዚያ ያነሰው ይደርሳታል፣ እኩል አራሹ ቢያዘገይም ቢያጓድልም የምታስገድድበት ጉልበት ጥቂት ነው። በአማራና በትግራይ የተደረጉ የመሬት ጥናቶች ይዞታቸውን ለሌላ አራሽ በመስጠት እማወራዎች ከአባወራዎች ልቀው እንደሚገኙ ደጋግመው መዝግበዋል። ሕግ በወረቀት የሰጣትን ከፊሉን ነውር በማሳ ላይ መልሶ ይወስድባታል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬን ያቃጠለው ግጭትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ድረስ የዘለቀው ጦርነት ወንዶቻቸውን ላጡ ቤቶች ይህን ችግር አክብደውባቸዋል።

ህንዳዊቷ ቢና አጋርዋል ስለ ደቡብ እስያ ስትጽፍ ሴት በስሟ መሬት መያዟና መሬቱን መቆጣጠሯ የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ካሳሰበችበት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች ሁለቱን ለይተው ይጠይቃሉ። በይፋት የሽያጭ ቀን ልዩነቱ ይታያል። እንቁላል፣ ቅቤ፣ በርበሬና በጣሳ የሚሸጥ እህል የሴት ገበያ ነው፤ ገንዘቡም ጨው፣ ጋዝና ደብተር ይገዛበታል። በኩንታል ተጭኖ ለነጋዴ የሚወርደው ማሾና ሽንኩርት ግን የባል ሽያጭ ነው፤ ለቅማ ያደረቀችው እሷ ብትሆንም ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው።

ሕግ የደረሰበትና ያልደረሰበት

ፌሚኒስት ሶሺዮሎጂ አንድ ድምፅ አይደለም። ሊበራሎቹ የችግሩን ሥር በሕግና በዕድል መዘጋት ላይ ያዩታል። ለኢትዮጵያ ያስመዘገቡት ውጤት ቀላል አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ፣ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15፣ ለወንድ 18 ብሎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 እኩልነትን ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመትን ወሰኑ፣ የባልን አለቅነትም ሻሩ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጠለፋንና የሴት ልጅ ግርዛትን በወንጀልነት አስቀመጠ። ከእነዚህ ለውጦች ጀርባ በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ትልቅ ድርሻ አለው። ሆኖም የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉ ኢትዮጵያውያት መካከል የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 17.1 ሆኖ አገኘው።

ማርክሳውያኑ ከኤንግልስ የ1884 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ተነሥተው የሴት መገዛት ከግል ሀብት ጋር መጣ፣ ከእሱ ጋር ይሄዳል አሉ። ደርግ ይህን መስመር ይዞ በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርን አቋቋመ፤ መሬቱ የመንግሥት ሆነ፣ ማጀቱ ግን እንዳለ ቀረ። አሜሪካዊቷ ሃይዲ ሃርትማን የማርክሲዝምንና የፌሚኒዝምን ትዳር ያልሰመረ ብላ በጻፈችው ታዋቂ ድርሰት ያለችው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ካፒታል ሠራተኛውን የሚበዘብዝበት ሥርዓት አንድ ነው፤ ወንዶች፣ ድሆቹም ጭምር፣ የሴትን ጉልበት የሚያዙበት አባታዊ ሥርዓት ሌላ ነው፤ አንዱ ቢፈርስ ሌላው አብሮ አይፈርስም።

ራዲካሎቹ ደግሞ ከመሬትና ከደመወዝ በፊት አካልንና ጥቃትን ያስቀድማሉ። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ዎልቢ እ.ኤ.አ. በ1990 አባታዊ ሥርዓትን በስድስት መዋቅሮች ስትተነትን፣ ከክፍያ ሥራ፣ ከቤት ሥራ፣ ከመንግሥት፣ ከወሲባዊ ግንኙነትና ከባህል ጎን ጥቃትን ራሱን የቻለ መዋቅር አድርጋዋለች። ከላይ የተጠቀሰው የ2008 ዓ.ም. ጥናት እንደሚለው አግብተው ከሚያውቁ ኢትዮጵያውያት 34 በመቶው ከባል ወይም ከቀድሞ ባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙዎችን ያስደነገጠ ሌላ ቁጥር አለ። ባል ሚስቱን ለመምታት ቢያንስ አንድ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ ወንዶቹ 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ሴት የሴት ጠላት ናት ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። የቱርክ ተወላጇ ዴኒዝ ካንዲዮቲ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበችው ማብራሪያ የተሻለ ይመስላል። ሴቶች በአባታዊ ሥርዓት ውስጥ ተቀምጠው ይደራደራሉ፤ ታዛዥነትን ከፍለው ከለላን፣ ቀለብንና በእርጅና ዘመን በምራት ላይ ሥልጣንን ይገዛሉ። ዋጋውን በወጣትነቷ የከፈለች እናት የድርድሩ ሕግ ሲሻር ትከስራለች። በባሏ እጅ ላይ ብቻ የተንጠለጠለች ሚስት «ይገባኛል» ስትል ጭካኔን እያመሰገነች ላይሆን ይችላል፤ የቀራትን ከለላ እየጠበቀች ይሆናል። ወንዶቹ ለጠያቂ እንግዳ ምን ማለት እንደሚያምር ቀድመው የተማሩ መሆናቸውም አይረሳም።

ከሸዋ ሮቢት እስከ ዐረብ አገር

ድርድሩን ያናጋው ሕግ ብቻ አይደለም። ከይፋት ቆላና ከአጎራባቹ ወሎ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች ዐረብ አገሮች መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ከፊሎቹ በኤጀንሲ፣ ከፊሎቹ በደላላ በጅቡቲ በኩል። መሬት ለወጣት ወንድም አልተረፈም፤ ለሴት ልጅ ደግሞ መሬት ብታገኝም የሚያርስላት ያስፈልጋታል። የዐረብ አገር ደመወዝ ዕርፍ ሳትጨብጥ ቆርቆሮ ቤት የምታሠራበት መንገድ ሆነ። በየገጠር ከተማው በእህት ወይም በሴት ልጅ ገንዘብ የተሠራ ቤት፣ የተገዛ ባጃጅና የተከፈተ ሱቅ አይጠፋም፤ ስሙ ግን ብዙ ጊዜ የአባት ወይም የወንድም ነው።

አሜሪካዊቷ ሶሺዮሎጂስት አርሊ ሆክሺልድ ይህን ዓይነቱን ጉዞ ዓለም አቀፍ የእንክብካቤ ሰንሰለት ትለዋለች። የሪያድ እመቤት ቤቷን ለይፋት ልጅ ትተዋለች፤ የይፋቷ ልጅ የራሷን ሕፃን ለእናቷ ትተዋለች፤ አያቲቱ ደግሞ በእርጅናዋ እንደገና ታሳድጋለች። በሰንሰለቱ በሙሉ ሥራው ከሴት ወደ ሴት ይተላለፋል፣ በወረደ ቁጥር ክፍያው ያንሳል፣ መጨረሻው ላይ ምንም አይከፈልም። አሠሪው የሠራተኛዋን መኖሪያና መውጫ የሚይዝበት የከፋላ ሥርዓት የማጀትን ጥገኝነት በውል አድርጎ ይደግመዋል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የመንገዱ አደጋ ለሁሉም ታየ። ጉዞው ግን አልቆመም።

የትኛዋ ሴት

እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሊ ክሬንሾ ጥቁር ሴቶች በጄኔራል ሞተርስ ላይ ያቀረቡትን ክስ መልሳ መረመረች። ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ሴቶችን ይቀጥራል፣ ጥቁሮችንም ይቀጥራል ብሎ ክሱን አልተቀበለውም ነበር፤ የሚቀጠሩት ሴቶች ነጮች፣ የሚቀጠሩት ጥቁሮች ወንዶች መሆናቸውን አላየም። ጭቆና ሲደራረብ ከድምሩ የተለየ ነገር እንደሚሆን ያስረዳችበት ይህ ትንታኔ ለይፋት ይስማማል። የሸሪዓ የውርስ ድልድል ለሴት ልጅ የወንድሟን ግማሽ ሲሰጥ የርስት ልማድ እኩል ያካፍል ነበር፤ ያም ሆኖ ባል የሚሰጠው መህር ለሙስሊሟ ሙሽራ በስሟ የሚቆጠር ሀብት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን ይፈቅዳል፤ ወንድሟና አጎቷ በተቀመጡበት ሸንጎ ያልፈቀደች ሴት ምን ያህል በነጻነት እምቢ ልትል እንደምትችል ሕጉ አይነግርም። የጋራ ደብተሩ ሁለት ፎቶግራፍ ብቻ ሲይዝ ሁለተኛ ሚስት የት ትገባለች የሚለውም በዚህ አካባቢ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። በሽንኩርት ማሳ የምትውል መሬት የለሽ የቀን ሠራተኛ፣ ከአጣዬ ተፈናቅላ በዘመድ ቤት የተጠጋች እናትና የሸዋ ሮቢት ነጋዴ ሚስት «የይፋት ሴት» በሚል አንድ ስም አይጠቀለሉም።

ህንዳዊቷ ቻንድራ ሞሃንቲ የምዕራብ ፌሚኒስቶች የሦስተኛውን ዓለም ሴት አንድ ዓይነት ምስኪን አድርገው መሳላቸውን የተቃወመችው፣ ናይጄሪያዊቷ ኦዬሮንኬ ኦዬውሚም በዮሩባ ዘንድ ከጾታ ይልቅ ዕድሜ ይቀድም እንደነበር የተከራከረችው ከዚህ ጋር በሚቀራረብ ምክንያት ነው። የሁለተኛዋ ሐሳብ ለኢትዮጵያ ሲመጣ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የሸዋ ሱልጣኔት ዜና መዋዕል እ.ኤ.አ. በ1063 የሞተች ባዲት የተባለች ንግሥት ይጠቅሳል፤ ከይፋት በላይ ባሉት ደጋዎችም ባለጉልት ወይዛዝርት ነበሩ። ንግሥት መኖሯ ግን ስለ ፈታዩዋ ምንም አይነግርም፤ ይህን ማምታታት በሀገራዊ ክርክሮቻችን ውስጥ የተለመደ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ዕውቀቱ ከማን ይሰበሰባል የሚለው ነው። ካናዳዊቷ ዶሮቲ ስሚዝ ሶሺዮሎጂ ከወንዶች ወንበር ሆኖ ሲያይ የኖረ ስለሆነ ከሴቶች የዕለት ኑሮ ተነሥቶ እንደገና መጠየቅ አለበት ትላለች። ለሰሜን ሸዋ ይህን ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ሔለን ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመችው ጥናት ነው፤ ከይፋት በላይ በመንዝ አንድ መንደር ተቀምጣ የደርግ ዘመን ፖሊሲ ሴቶች ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ተከታትላለች።  በዚህ ዓይነት ጥናት ጠያቂው የአባወራውን ቃል ለቤቱ ሁሉ ቃል አድርጎ አይወስድም። ሚስትን ለብቻዋ፣ አማትና ባል በሌሉበት ያነጋግራል። «መሬቱ የማን ነው?» ከማለት ይልቅ ባለፈው መኸር ማሾው ስንት እንዲሸጥ ማን ወሰነ፣ ገንዘቡ በማን እጅ አደረ፣ ደብተሩ በየትኛው ሣጥን ተቀመጠ፣ ቁልፉስ በማን አንገት ነበር እያለ ይጠይቃል።